የሁለት ባትሪ ብርሃን ቢጋጭ ምን ይሆናል? ለድሬዳዋ ተማሪ

ሰላም እህቴ፣

መብራት በጠፋበት ማታ የአንቺንና የወንድምሽን የሞባይል ባትሪ ብርሃን እርስ በርሱ አጋጭተሽ «ለምን አይነጥሩም?» አልሽ፤ ቤቱ ሳቀብሽ። ከዚያ ጥያቄው ዞሮ «ፊዚክስ ልግባ ወይስ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ?» ሆነ። አቦ፣ የሳቁት ተሳስተዋል።

አይነጥሩም። ማታ ከዚራ ሰፈር የሁለት ባጃጅ መብራት መንገድ ላይ ይገናኛል፤ ሁለቱም እንዳልተገናኙ ሆነው ያልፋሉ። የብርሃን ሊቁ ኢብን አል-ሃይተም ይህን ያየው ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጨለማ ክፍል፣ አንዲት ቀዳዳ፣ ከውጭ የተደረደሩ ኩራዞች። የሁሉም ብርሃን በዚያችው ቀዳዳ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ይጥላል። አንዱን ስትጋርጂ የሱ ነጥብ ብቻ ይጠፋል። በካርቶን ሞክሪው፣ ወንድምሽም ይይ።

ባዶ አየር ላይ ነው እንግዲህ ይሄ። አንዳንድ ክሪስታል ውስጥ ሌላ ነው። ታይዋን ገበያ የሚሸጠውን አረንጓዴ ሌዘር ታውቂዋለሽ? በብዙዎቹ ውስጥ ዓይን የማያየው፣ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ፣ ሁለት ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አንድ እየሆነ 532 ናኖሜትር ይወጣል። አረንጓዴው እሱ ነው። ያለ ክሪስታል ፎቶን ከፎቶን መግጨቱን የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን በ2017 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ ግን እጅግ ብርቅ ነገር ነው፣ እንጀራም አይሆንሽም።

እንጀራው ያለው አለመጋጨቱ ላይ ነው። ኢንተርኔትና ስልክ የሚያመላልሰው ፋይበር ማለት 125 ማይክሮሜትር የምትወፍር የመስታወት ክር ናት። በውስጧ በደርዘን የሚቆጠሩ የብርሃን ቀለሞች የየራሳቸውን መልእክት ተሸክመው አብረው ይሮጣሉ፣ አንዱ ሌላውን ብዙም ሳይረብሽ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ኤሌክትሪካል ግቢና ኮሙኒኬሽን ያዢ ነው። የፊዚክስ ዲፓርትመንቱን የኦፕቲክስ (የብርሃን ጥናት) ኮርስ ደግሞ ለምነሽም ቢሆን ተከታተይ። «ፊዚክስ ማስተማር ብቻ ነው» ይሉሻል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ካቆምሽ ብዙም አልተሳሳቱም። እስከ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለመሄድ ከቆረጥሽ ግን ፊዚክስን አልከለክልሽም።

ከመምረጥሽ በፊት ግን ፋይበር የሚቀጥሉ ሠራተኞች ስታዪ ጠጋ በይ። ሽፋኑን ይልጣሉ፣ ክሩን በአልኮል ይጠርጋሉ፣ ጫፉን ቀጥ አድርገው ይቆርጣሉ፣ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያጣብቀዋል። ያ ሥራ ደስ ካለሽ መልሱን አግኝተሻል። የክሩን ጫፍ ወደ ዓይንሽ እንዳታስጠጊ ብቻ፤ ውስጡ ያለው ብርሃን አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።