መልስ፦ ከስብከት ውጪ መሪዎች ምን ያድርጉ?

ወንድሜ፣ «በየእሁዱ ስብከት እንሰማለን፣ ግን አናድግም። መሪዎች ከመስበክ ሌላ ምን ማድረግ አለባቸው?» ላልከው የኔን ልበል።

በኤፌሶን 4፥11-12 መሠረት እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ምእመኑን ለአገልግሎት እንዲያዘጋጁ ነው። ሥራውን ሁሉ ለብቻቸው እንዲሸከሙት አይደለም። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ፓስተሩ ይሰብካል፣ ይጸልያል፣ የታመመ ይጠይቃል። ሌላው ቁጭ ብሎ «አሜን» ይላል። እንዲህ ሆኖ ማን ያድጋል?

እስቲ ሐዋርያት ሥራ 18ን እይልኝ። አጵሎስ ንግግር አዋቂ ነበር፣ መጻሕፍትንም ጠንቅቆ ያውቃል። ስለ ጥምቀት የሚያውቀው ግን የመጥምቁ ዮሐንስን ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ጵርስቅላና አቂላ ኤፌሶን ምኩራብ ውስጥ ሲናገር ሰሙት። ዝም ብለው አላለፉትም። ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በደንብ አስረዱት። (በሙያቸው ድንኳን ሰፊዎች እንደነበሩ ልብ በል፤ ይህ ከማስተማር አላገዳቸውም!) በኋላ አጵሎስ ወደ አካይያ (የግሪክ ክፍል) መሄድ ሲፈልግ ወንድሞች አበረታቱት፤ እንዲቀበሉትም ደብዳቤ ጻፉለት።

ከመሪ የምጠብቀው ይህንኑ ነው። ጥቂት ሰዎች ይዞ ቃሉን አብሮ ማጥናት፣ ሲሳሳቱ ለብቻ ማረም፣ ከዚያ በየቤቱ የሚደረገውን ኅብረት መምራቱን ለእነሱ መልቀቅ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቹ የሚቸገሩት መልቀቁ ላይ ነው። አንተም እስኪጠሩህ አትጠብቅ፤ አንዱን ሽማግሌ «አብረን እናጥና» በለው።