ጥለቱን ቁጠሩት፦ ስለ ዶቃ ጌጥ ለጠየቃችሁን

በዚህ ዕትም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከባቲ የደረሱንን ጥያቄዎች መርጠናል። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁን ስለ ንድፍ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። የእጅ ጌጥ በዶቃ እሠራለሁ፤ በሥራዬ ጥራት አልታማም። የሚያጥረኝ ሐሳብ ነው። ከስልክ ያየሁትን ስገለብጥ ሌላውም ያንኑ ገልብጦ ይመጣና ገበያ ላይ እንገናኛለን። «ከዕለት ኑሮሽ ውሰጂ» ይሉኛል። ከየቱ? እንዴትስ አድርጌ?

መልስ፦ እህታችን፣ የተሰጠዎት ምክር ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቶበታል። ከሚያዩት ነገር ላይ መውሰድ ያለብዎት ልኩን ነው። የቀለሙን መጠን፣ የአደራደሩን ተራ፣ የክፍተቱን ስፋት ቆጥረው ከጻፉት ሥራው የእርስዎ ይሆናል። እንዲሁ አይተው ብቻ ከሄዱ ግን እጅዎ ወደለመደው ይመለሳል።

በነጠላ ጥለት ይጀምሩ። የሚወዱትን ነጠላ ዘርግተው ማስመሪያውን ጥለቱ ላይ ያጋድሙትና እያንዳንዱ ቀለም ስንት ሚሊ ሜትር እንደያዘ ይጻፉ። አረንጓዴ 5፣ ወርቃማ 2፣ ቀይ 10፣ ወርቃማ 2፣ አረንጓዴ 5 አገኙ እንበል። ቀጥሎ ከሚሠሩበት ጥቃቅን ዶቃ 10 ፍሬ መርፌ ላይ ሰክተው ይለኩ። 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ 1.6 ሚሊ ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ሲያካፍሉት አረንጓዴው 3፣ ወርቃማው 1፣ ቀዩ 6 ፍሬ ይደርሰዋል። ቀዩን ግን 7 ያድርጉት። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን መሐል ላይ አንድ ዶቃ ለብቻው ይቀራል፤ ነጥብ ወይም መስቀለኛ ማስገባት ሲፈልጉ ሁለቱ ጎን እኩል የሚሆንልዎት በእሱ ነው። ድምሩ 15 ፍሬ፣ ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አሠራሩ ከሸማኔው ብዙም አይርቅም። በትንሽ የእንጨት ፍሬም ሁለት ጫፍ ላይ ምስማር መትተው ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ ይዘርጉ። ለ15 ዶቃ 16 መስመር ድር ያስፈልጋል፤ የዳርና የዳሩን ሁለቱን ድርብ ያድርጓቸው፤ በጠቅላላው 18 ክር ማለት ነው። ክሩ ሰም የነካው ቀጭን ናይለን ቢሆን አይበታተንም። 15ቱን ዶቃ ማጉ ላይ፣ ማለትም መርፌው በሚጎትተው ተሻጋሪ ክር ላይ፣ ሰክተው ከድሩ ሥር ያሳልፉ፤ በጣትዎ ወደ ላይ ገፋ አድርገው እያንዳንዱን ዶቃ በሁለት ድር መካከል ያስቀምጡ፤ ከዚያ መርፌውን ከድሩ በላይ አድርገው በዚያው ቀዳዳ ይመልሱት። መርፌው ሲመለስ ድሩን ከወጋ በኋላ ረድፉን ማስተካከል አይቻልም፤ ስለዚህ አሥር ረድፍ ሳይቆዩ እያገላበጡ ይዩ። አምባሩ ወገቡ ላይ ከቀጠነ ማጉን አጥብቀው ጎትተዋል። ዳሩ ከተንሻፈፈ ደግሞ ጥፋቱ የዶቃው ነው፤ ከአንድ ከረጢት ውስጥ ቀጭንም ወፍራምም ይወጣልና ሳይጀምሩ ይልቀሙት። እንደ ምስር ለቀማ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሌላ መላ የለውም።

የእጅ አንጓው 16 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 1 ሴንቲ ሜትር ማላላሻ ይጨምሩ፤ ለመቆለፊያው 2 ይቀንሱ፤ 15 ይቀራል። በዚህ አቅጣጫ አንዱ ረድፍ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚይዝ 75 ረድፍ ይሆናል። 75 በ15 ሲባዛ 1,125 ፍሬ ነው፤ በክብደት ወደ 10 ግራም። የሚጣለውን አስበው 15 ግራም ይግዙ።

ቀለም ሲፈልጉ ደግሞ ወደ መስከረም ይሂዱ። አደይ አበባ የወጣበትን ዳገት ሲያዩ ዓይንዎ ቢጫውን ያጎላዋል፤ ቢቆጥሩት ግን አብዛኛው አረንጓዴ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትር 40 ፍሬ ይውሰዱ፦ 24 አረንጓዴ፣ 12 ቢጫ፣ 4 የአፈር ቀለም ያለው ቡኒ። ቢጫውን አንድ በአንድ እኩል አይበትኑት፤ አበባ እንደዚያ አይበቅልም። 3፣ 1፣ 5፣ 1፣ 2 እያደረጉ ሰብሰብ ሰብሰብ አድርገው ያስቀምጡት። በ40 ዶቃ መስከረምን ማሳየት የሚችለው ይህ አለመስተካከሉ ነው።

የደሴን ጦሳ ተራራ ግን በዶቃ ለመሳል አይሞክሩ። በ15 ፍሬ ስፋት ላይ ተራራ ሦስት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከጦሳ የሚወሰደው የጠዋት ጉሙ ነው፦ ከታች ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ ፈዘዝ ያለ፣ ከዚያ አመድማ፣ ከላይ ነጭ። አራት ቀለም በተራ ይበቃል።

ክብ የጆሮ ጌጥ ከፈለጉ የሰፌድ ሰፊዎችን ሥራ ይመልከቱ። ከመሐል በ6 ዶቃ ይጀመርና ዙሩ 12፣ 18፣ 24 እያለ በየጊዜው 6 ይጨመርበታል። ጭማሪው ካነሰ እንደ ሙዳይ ክዳን ይጎብጣል፤ ከበዛ ዳሩ ይተጣጠፋል። ስፌት የሚያውቁ እናት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለው የሚጨምሩበትን ቦታ ይቁጠሩ፤ ከብዙ ቪዲዮ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። በላስቲክ ክር የምሠራው አምባር ሁለት ወር ሳይሞላው ይበጠስና ደንበኛ ይመልስብኛል። ክሩን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ክሩን ከመቀየርዎ በፊት የተመለሰልዎትን አምባር ጫፍ ይመርምሩ። ጫፉ ጠመዝማዛ ሆኖ ሙሉ ከሆነ ቋጠሮው ነው የተፈታው። ሻክሮ ከተቆረጠ የዶቃ ቀዳዳ በልቶታል። ከመበጠሱ በፊት ላልቶ ከነበረ ደግሞ ክሩ ሳይሳብ ነው የታሰረው።

ለ6 እና ለ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ይበቃል። 30 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ዶቃ ሳይሰኩበት ቀስ እያሉ አሥር ጊዜ ያህል ይሳቡት፤ አዲስ ላስቲክ መጀመሪያ ላይ ይረዝማልና ያ የሚረዝመው ቀድሞ ይውጣለት። ሲያስሩ ቀኙን በግራው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው ያጥብቁ፤ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ ሁለት ጊዜ። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠመዘዘ ተራ ቋጠሮ ላስቲክ ላይ ይሾልካል። 3 ሚሊ ሜትር ጫፍ ይተዉና ቋጠሮውን ቀዳዳው ሰፋ ባለ ዶቃ ውስጥ ይደብቁት። ብዙዎች ሱፐር ግሉ ይጨምሩበታል፤ አንመክርም። ደርቆ ክሩን ያጠነክረዋልና ከቋጠሮው አጠገብ ይሰበራል።

ቀዳዳ የሚበላ ዶቃ ለመለየት ክሩን በአንዱ ዶቃ ሃያ ጊዜ ያህል ያመላልሱ፤ ክሩ ከሻከረ ያንን ዶቃ ለላስቲክ አይጠቀሙበት። የብረት ዶቃ በዚህ በጣም ይጠረጠራል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ላብ፣ ሎሽንና ሽቶም በክሩ ላይ ይጨመራሉ። ደንበኛዎ ተቀብታ ከጨረሰች በኋላ እንድታደርገው፣ ስታወልቅም እየጎተተች ሳይሆን በእጇ ላይ እያንከባለለች እንድታወጣው ይንገሯት።

ጥያቄ፦ የሙሽራዋን የእጅ አንጓ ለክቼ 16 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ። በ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ ልክ 16 አድርጌ ሠራሁላት፤ ጠበባት። የት ተሳሳትኩ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ልኬትዎ ትክክል ነው፤ የረሱት የዶቃውን ውፍረት ነው። ክሩ በዶቃው መሐል ስለሚያልፍ ከቆዳው በዶቃው ግማሽ ያህል ይርቃል፤ ዙሩም የዚያን ያህል ይሰፋል። ስለዚህ የዶቃውን ውፍረት በ3.14 አባዝተው ይጨምሩ። ለ8 ሚሊ ሜትር 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ4 ሚሊ ሜትር 1.3። 16 ሲደመር 2.5፣ 18.5 ይሆናል። በላስቲክ ከሆነ 23 ፍሬ ይበቃል። በማይለጠጥ ክር ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ማላላሻ ጨምረው መቆለፊያውን ጨምሮ 19.5 ያድርሱት።

ጥያቄ፦ የምሠራው የጆሮ ጌጥ ለአንዳንዱ ሰው ያሳክካል።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ማንጠልጠያው ውስጥ ያለ ኒኬል ነው። ዶቃውን ሳይነኩ ማንጠልጠያውን ብቻ በብር ይቀይሩት። ቅቡ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ብረት ይወጣልና «ወርቅ ቅብ» የሚለውን አይመኑ። ጆሮዋ ለቆሰለባት እስኪድን ምንም አታንጠልጥል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ ሙሰበሃም መቁጠሪያም ሥራልን ይሉኛል። ስንት ስንት ዶቃ ነው? በምን ክር? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርበት እንደ ወሎ ባለ አገር ሁለቱም ከአንድ ሠራተኛ መጠየቃቸው የሚጠበቅ ነው፤ ቆጠራውን ግን አያቀላቅሉ። ሙሰበሃ 99 ወይም 33 ፍሬ ነው። 99 ከሆነ በየ33ቱ፣ 33 ከሆነ በየ11ዱ መለያ ዶቃ ይገባል። መለያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከቆጠራው ውጪ ስለሆኑ ቅርጻቸው በጣት ተዳስሶ መለየት አለበት። መጋጠሚያው ላይ ረዘም ያለ ሌላ ዶቃ ራስ ይሆናል። መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ ሆኖ መስቀል ይንጠለጠልበታል።

ለሁለቱም ላስቲክ አይጠቀሙ፤ ጠንካራ የናይለን ወይም የሐር ክር ያድርጉ። ዶቃው አንድ በአንድ በጣት ስለሚገፋ ጥብቅ ብሎ መታሰር የለበትም። በ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ 99ኙ 79 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ መለያዎቹን ሳይቆጥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ክር ይተዉ። ከመሸጥዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ። በጌጥ ላይ አንድ ዶቃ ቢጎድል ማንም አያውቅም፤ እዚህ ግን የሰው ጸሎት ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ድሪ ትልልቅ ቢጫ አምበርና አንድ ማርትሬዛ (የጥንቱ የብር ገንዘብ) አለው። ክሩ ሊበጠስ ደርሷል። አምበሩ እውነተኛ መሆኑን እንዴት ልወቅ? እኔው ራሴ ልሰካው እችላለሁ? (ከባቲ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ክሩን አይቁረጡ። ድሪውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ፎቶ ያንሱት፤ ከግራ ጀምረው እያንዳንዱን ፍሬ በተራ ይጻፉ። የአያትዎ አደራደር ራሱ ንድፍ ነው፤ አንዴ ከተበተነ ማንም አይመልሰውም።

ፍሬዎቹ ከክሩ ሲወጡ አንዱን አምበር በጨው ውኃ ይፈትሹ። በ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ 50 ግራም ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ያሟሙ። ከሰመጠ አምበር አይደለም፤ በአፍሪካ ገበያ ለረጅም ዘመን በአምበር ስም የዞረው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ሙጫ ይሰምጣል። ከተንሳፈፈ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ አንዳንድ ፕላስቲክና ብዙ ዕድሜ የሌለው የዛፍ ሙጫም ይንሳፈፋል። በጋለ መርፌ ውጉት የሚሉዎትን አይስሙ፤ ጠባሳው አይጠፋም። ከፈተናው በኋላ በንጹህ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁት። አልኮል፣ አሴቶንና ሽቶ አያስነኩት።

ማርትሬዛው ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት ዕድሜውን አይነግርዎትም፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ማንጠልጠያ ከተበየደበት ትንሽ ይበልጣል።

ሲሰኩት በናይለን የተሸፈነ ቀጭን የብረት ገመድ ይምረጡ። የከባድ ፍሬ ቀዳዳ ሻካራ ስለሆነ ተራ ክር አይበረክትበትም። በሁለት አምበሮች መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ዶቃ ወይም ክብ ቆዳ ያስገቡ፤ አምበር ከአምበር ጋር ሲፋተግ ጠርዙ ይፈረፈራል። የገመዱን ጫፍ በፒንሳ በሚጨፈለቅ ትንሽ የብረት ቱቦ ያስሩት፤ ከመጨፍለቅዎ በፊት ግን ድሪውን አንገትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ቀና ይበሉ። ፍሬዎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ገመዱ ጠብቋል፤ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይልቀቁለት።