ፔርሙዝ ይዞ ቄራ የሚሄድ መምህር

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ የእንስሳት ፊዚዮሎጂ (የአካል አሠራር ትምህርት) መምህር ሲቀጠር ከፈታኞቹ ጋር መቀመጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዘንድሮም ለሌክቸረርነት የምታመለክቱ እንዳላችሁ ሰምቼ ነው ይህን መጻፌ።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ትራንስክሪፕት ከኦሪጅናሉ ጋር ይመሳከራል፤ ሥራ ላይ ከነበራችሁ መልቀቂያ ትጠየቃላችሁ። ስማችሁ አራተኛ ላይ የሰፈረበትን ጥናት ሲቪያችሁ ላይ ካስገባችሁ፣ የእናንተ እጅ የቱ ጋ እንዳለበት ለመናገር ተዘጋጁ። እኔ ሁልጊዜ እሱን ነው የምጠይቀው። ደመወዙን መጠየቅም ነውር አይደለም።

ሰው የሚለየው ሲያስተምር ነው። አብዛኛው አመልካች ያማረ ስላይድ ይዞ ይመጣል፤ የላም ሆድ አራቱን ክፍሎች በላቲን ይዘረዝራል። «ላሟ ደጅ ቆማለች፤ ጨጓራዋ እየሠራ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ሲባል ግን ጸጥ ይላል። ጡጫህን በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ባለው ስርጉድ ላይ አሳርፈህ ትጠብቃለህ፤ ጤነኛ ከሆነች በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ እጅህን ገፋ ታደርገዋለች። ይህን የገጠር እረኛ ያውቀዋል። እኔ ግን በወጣትነቴ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ይህንኑ ተጠይቄ ቀኝ ጎኗን ነካሁ። ፈታኞቹ አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሌላው ጥያቄዬ «ላብራቶሪው ባዶ ነው፤ ምን ታስተምራለህ?» የሚል ነው። «ግዥ እንጠይቃለን» ይሉኛል። (ግዥው እስኪደርስ ተማሪው ይመረቃል።) አንዲት ልጅ ግን «ማለዳ ቄራ እሄዳለሁ፤ ከታረደው በሬ ጨጓራ ፈሳሹን በቡና ፔርሙዝ እቀዳለሁ» አለች። ለምን ፔርሙዝ? «ፈሳሹ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕያዋን፣ ፕሮቶዞዋዎቹ፣ የለመዱት 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከቀዘቀዙ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አይንቀሳቀሱም። አየርም ስለማይወዱ እስከ አፉ እሞላዋለሁ።» ከዚያ ሜቲሊን ብሉ ከሚባለው ሰማያዊ ቀለም ጥቂት ጠብ አድርጋ ተማሪዎቹን ሰዓት ታስይዛለች። ጤነኛ ፈሳሽ ሰማያዊውን ቀለም ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያጠፋዋል፤ ባክቴሪያዎቹ መኖውን ሲያብላሉ የሚለቁትን ኤሌክትሮን ቀለሙ ይቀበልና ይነጣል። መኖ የተከለከለች ላም ፈሳሽ ግን ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። አንድ ብልቃጥ ቀለም፣ የአንድ ሳምንት ትምህርት!

ቀጥዬ ከጊቤ ሸለቆ የመጣች፣ ገንዲ የሚባለው ደም የሚያሳንስ የከብት በሽታ የያዛት ላም በጥያቄ ሰጠኋት፤ ከደሟ ውስጥ የቀይ ደም ሴል ድርሻ 15 በመቶ ነው፣ ከ24 ማነስ አልነበረበትም። «ኦክስጅን ተሸካሚው ስላነሰ ልቧ ይፈጥናል» አለች። በደቂቃ ስንት ይመታል ስላት «በግምት አልናገርም፤ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ» አለችኝ።

ውጤቷ ከአንደኛው አመልካች ያነሰ ስለነበር ኮሚቴው እስከ ምሳ ተከራከረ። እኔ የቆምኩት ለእሷ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ የእኛን ፔርሙዝ ሳገላብጥ ባለቤቴ አየችኝ። ነገሩን ስነግራት ከእጄ ነጥቃ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።