ቢ6-4 ጠፍቶ ሲ6 ቢገኝስ?

ወንድሜ፣ የሞዴል ሮኬትህ መመሪያ ቢ6-4 የሚባለውን ሞተር ይላል፤ ክለባችሁ ጋ ያለው ግን ሲ6-3፣ ሲ6-5 እና ሲ6-7 ነው። የቱ ይተካዋል ብለህ ጠይቀሃል። ሮኬቷ ልክ እንደ መመሪያው ከተሠራች ሲ6-5 ይሁን። ከብዳ ከሆነ ሲ6-3። ሲ6-7ን ለላባ ለምትቀል ሮኬት አስቀምጠው።

ብዙ ሰው የሚያየው ፊደሉን ነው። ፊደሉ ጠቅላላ ጉልበቱን፣ ማለትም ግፊቱን በሚነድበት ጊዜ ተባዝቶ፣ ይነግርሃል፤ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10 ኒውተን ሰከንድ። 6 አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። ስለዚህ ሁለቱም አነሳሳቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሲ6 ረዘም ላለ ጊዜ ይነዳል። ከፍ ስለሚል ነፋስ አርቆ ይወስድብሃል፤ ሰፊ ሜዳ ፈልግ።

እኔን ያቃጠለኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ሞተሩ ነድዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ማለት ነው። የመጀመሪያ ሮኬቴን በጣውላ ክንፍና በሦስት ዙር ቀለም አሳመርኳት። ከዚያ ሲ6-7 ከተትኩባት። ጅማ፣ ቦዬ አካባቢ ሜዳ ላይ አስነሳናት። ወጣች፣ ቆመች፣ በአፍንጫዋ ተገለበጠች። ልጆቹ "አራት፣ አምስት" እያሉ ይቆጥራሉ፣ እሷ ትወርዳለች። ፓራሹቱ መሬት ልትደርስ ስትል ተከፈተ። በዚያ ፍጥነት ክሩ የካርቶን ቱቦውን ስንጥቅ አደረገው፤ አንድ ስንዝር ይሆናል። ከባድ ሮኬት ቶሎ ጫፏ ላይ ትደርሳለች፤ 7 ሰከንድ አትጠብቅም። በማግስቱ ሂርማታ ገበያ ወርቅ ሚዛን ላይ አስመዘንኳት። ከገመትኩት 30 ግራም በልጣ ተገኘች። ማስቲሽና ቀለም ብቻ!

አንተም ሞተሩን ከተህ መዝን። አማካይ ግፊቱ ቢያንስ የክብደቷን አምስት እጥፍ ይሁን። 100 ግራም ወደ 1 ኒውተን ስለሚጠጋ፣ ለ6 ኒውተን ሞተር 120 ግራም ጣሪያህ ነው።

ሲ6 ከቢ6 ይከብዳል፣ የሚከብደውም ጭራዋ ላይ ነው። ሞተሩን እንደከተትክ ሚዛን የምትጠብቅበት ቦታ ላይ ክር አስረህ በራስህ ዙሪያ አሽከርክራት። አፍንጫዋን አስቀድማ ካልዞረች አታስነሳት፤ አፍንጫዋ ውስጥ ትንሽ ጭቃ ጨምር።

መጨረሻው 0 የሆነ ሞተር ካገኘህ ለባለ ሁለት ደረጃ ሮኬት የታችኛው ክፍል ነው። ለብቻው አትጠቀመው፣ ፓራሹቱን በጊዜው አያወጣልህም። ዲ12 ደግሞ 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 18 ሚሊ ሜትር ቀዳዳህ ውስጥ አይገባም።

ሞተር አለቀ ብለህ ቤት ውስጥ ባሩድ እንዳትቀምም፣ አደራ! ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ያላችሁንም ከፀሐይና ከጅማ ዝናብ እርጥበት አርቁት። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ባሩዱ ይሰነጠቅና ሲለኮስ ይፈነዳል። ከማስነሳታችሁ በፊት ለቀበሌው አሳውቁ፤ በባትሪ ለኩሱ፣ 5 ሜትር ራቁ።

ክብደቷን መዝነህ እዚህ ጻፍልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እንመርጣለን።