ለሁለት ሰው ቤት ምን ዓይነት ሳህን፣ ምን ዓይነት ማንኪያ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የምንገባውም ሐዋሳ ታቦር አካባቢ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የእጮኛዬ አክስት ጠርዙ ወርቅ ቅብ የሆነ ሙሉ የገበታ ዕቃ ሊገዙልን አስበዋል። እሱ ደግሞ “ሜላሚን ይሁን፣ አይሰበርም” ይላል። እኔ ዓይኔ ያረፈው ድብዝዝ ባለ ጥቁር፣ ወፍራም የሸክላ ሳህን ላይ ነው። የእሱ ቤተሰቦች ሲዳማ ስለሆኑ ቤታችን ቡርሳሜም (ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው) ይበላል። ለየዕለቱ ምን እንግዛ፣ ስንትስ ይበቃናል? ማንኪያና ሹካው ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?
ሙሽሪት ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ልጄ። ከቀለሙም ከዋጋውም በፊት ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን እንደምትበሉ አስቢ። እንጀራ ከሆነ ሁለታችሁ ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ፤ ሳህን አይነካም። ሳህን የሚወጣው ለፓስታና ለሩዝ፣ ለጠዋቱ ጨጨብሳና ቅንጬ፣ ለአሳ ሾርባ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መረቅም ቅቤም የማያፈስ ሳህን ነው። ስለዚህ ገንዘብሽን መጀመሪያ ጎድጓዳው ላይ አውዪ፤ ስፋቱ ከ20 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዝርጉ የሚያስፈልግሽ ለአሳ ጥብስ ነው። ቆሮሶ ከነራሱ ከነጭራው ተጠብሶ ሲቀርብ ጠባብ ሳህን አይበቃውም፤ አጥንቱም ዳጣውም ቦታ ይፈልጋሉ። ለእሱ 26 ሳንቲ ሜትር ያዢ።

ከሁለቱም ስድስት ስድስት ይበቃችኋል። ሁለት ሁለት ብቻ አትግዢ። እኛ ቤት እንግዳ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም፤ ውሃ የጠፋ ቀንም የጠዋቱ ሳይታጠብ እራት ይደርሳል።

ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለዓመታት የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ወድቆ ከሚሰበረው ሳህን ይልቅ ጠርዙ ተሸርፎ የሚጣለው ይበዛ ነበር። የሚሸረፈውም ሲደራረብና ሲታጠብ ከቧንቧው አፍ ጋር ሲጋጭ ነው። ከዚያ ልምዴ ተነሥቼ የምመርጥልሽ ነጭ፣ አንጸባራቂ፣ ሥዕል የሌለው፣ ጠርዙ ወፈርና ክብ ያለ ፖርስሊን ነው። ፖርስሊን ከ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ተቃጥሎ ስለሚወጣ ገላው ጠጣር ነው፤ ውሃ አይጠጣም። በዝቅተኛ ሙቀት የተቃጠለው ግን ቅቡ በተነሣበት በኩል ውሃ ይመጥጣል። ሱቅ ስትገቢ ሳህኑን ገልብጪና ያልተቀባው የግርጌ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጊ። ወዲያው ከመጠጠው መልሺው። ጠርዙን በጥፍርሽ መታ አድርጊ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ከደነዘዘ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ቀለበቱንም ዳሰስ አድርጊው፤ ሻካራ ከሆነ ሲደራረብ ከሥሩ ያለውን ሳህን ይቧጭረዋል።

ጥቁሩ ሳህን እንደሚያምር አልክድም። ነገር ግን ድብዝዝ ቅብ ላይ ሹካና ቢላዋ መስመር ይተዋሉ፤ በየቀኑ ከተበላበት በጥቂት ወራት ያረጀ ይመስላል። ክብደቱም ቀላል አይደለም፣ ስድስቱን ደራርበሽ ከሳፋ ስታነሺ ታይዋለሽ። ልብሽ ካልተወው ሁለት ብቻ ግዢና ለሰላጣና ለዳቦ ማቅረቢያ ይሁኑ።

እጮኛሽ ሜላሚን በቀላሉ አይሰበርም ማለቱ ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ሜላሚን ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ በተለይ ኮምጣጣ ምግብ ከተደረገበት፣ የተሠራበት ኬሚካል ወደ ምግቡ ሊወጣ ይችላል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከእሳት የወረደ ሽሮም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማይክሮዌቭ ውስጥማ ፈጽሞ አይገባም። ከተቧጨረ በኋላ ደግሞ የበርበሬው ዘይት ይቀልመዋል፣ ማጠብ አይመልሰውም። ለፍራፍሬና ለቆሎ ይሁንላችሁ።

የአክስትየውን ነገር በፍቅር ያዙት። ወርቅ ቅብ በሽቦ ሲታሽ ይለቃል፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ ያወጣል፤ ስለዚህ የዕለት ዕቃ አይሆንም። ገና ካልገዙት እጮኛሽ ራሱ ሄዶ “አክስቴ፣ ሻፌታ ምረጪልን” ይበላቸው። ሻፌታ የቡርሳሜ መብያ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ከእኔም ከባለሱቁም ይልቅ እሳቸው ያውቁበታል፤ ዙሪያውን ተቀምጦ አብሮ ለመብላትም ምን ያህል ስፋት እንደሚበቃ አይጠፋቸውም። እንዲህ ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ወርቅ ቅቡን ገዝተውት ከሆነም አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ግን ቡፌ ውስጥ ቆልፋችሁበት እናንተ በተሸረፈ ሳህን እንዳትበሉ። እሑድ እሑድ አውጡት።

ማንኪያና ሹካ ላይ አትሰስቺ፤ ጥሩ ከሆነ ከሳህኖቹ ሁሉ በላይ ይቆይላችኋል። ጀርባው ላይ 18/10 ካለ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል አለው ማለት ነው። 18/0 ኒኬል የለውም ለማለት ይቻላል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ዝገት ግን ቶሎ ያገኘዋል። ጽሑፉን ብቻ አትመኚ፣ ትንሽ ማግኔት ይዘሽ ሂጂ። 18/0 ማግኔቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ 18/10 አይይዝም ወይ በጣም በትንሹ ነው። የቢላዋው ስለት ከጥሩውም ቢሆን ይጣበቃልና አትደንግጪ፤ ስለት እንዲይዝ ከሌላ ዓይነት ስቴንለስ ነው የሚሠራው። ከዚያ የማንኪያውን አንገት በአውራ ጣትሽ ገፋ አድርጊው፤ ከታጠፈ ገንፎም አይችልም። በሹካው ጥርሶች መሐል ጣትሽን አሳልፊ፣ ሹል ጠርዝ ካለው አልተሞረደም ማለት ነው። እጀታው ላይ ፕላስቲክ የተገጠመበትን ተዪው፤ በስፌቱ ውሃ ይገባና ይላቀቃል። የሾርባ ማንኪያ 12፣ ሹካ ስምንት፣ ቢላዋ አራት ይበቃል። የሻይ ማንኪያ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋ ስለሆነ እሱንም 12 አድርጊው። ቤት ከገባ በኋላ በረኪና ውስጥ እንዳትዘፈዝፊው፤ ክሎሪኑ ስቴንለሱን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበላዋል።

ከመክፈልሽ በፊት ባለሱቁን “ይኸው ሳህን በነጠላም ይሸጣል? ሁልጊዜስ ይመጣል?” ብለሽ ጠይቂው። ስድስቱ አራት የሚሆኑበት ቀን ይመጣልና፣ “በካርቶን ብቻ ነው” ካለሽ ቀጥሎ ያለውን ሱቅ እዪ።