ቢጫ ካርድ ጊዜ አያልፍበትም፤ እናትሽን ድጋሚ አታስወጊ

ሰላም እህቴ። «እናቴን ለሕክምና ሕንድ ልወስድ ነው። የቢጫ ወባ ካርዷ 10 ዓመት ስላለፈው እዚህ ድሬ ድጋሚ ትከተብ አሉኝ። እውነት ነው? ይሄ ሕግስ ከኮቪድ ወዲህ የመጣ ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አሁን ነው ያየሁት። ከላይ «ዝም ብለሽ አስከትቢያት፣ ምን ይጎዳታል» ያሉሽን አትስሚ። አቦ፣ እኔ በዚህ ካርድ የተንገላታሁትን ሌላ ሰው እንዲንገላታ አልፈልግም። ረዘም ቢልም ታግሰሽ አንብቢው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።

1. ካርዱ የዕድሜ ልክ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 የዓለም አቀፍ የጤና ደንቡን አባሪ 7 አሻሻለ። ማሻሻያው ከጁላይ 11 ቀን 2016 ጀምሮ ይሠራል። አንድ ጊዜ የተወሰደ የቢጫ ወባ ክትባት ተከታቢው በሕይወት እስካለ ድረስ ያገለግላል። ከዚያ በፊት የተሰጠ ካርድም ቢሆን፣ ላዩ ላይ 10 ዓመት ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን ያው ነው። ደንቡን የተቀበለ አገር «ካርድህ አርጅቷል» ብሎ ድጋሚ ክትባት መጠየቅ አይችልም።

ይሄን ያወቅሁት ተቃጥዬ ነው። አጎቴን ለኩላሊት ሕክምና ሕንድ፣ ቼናይ ከተማ ልወስደው ስዘጋጅ፣ ቲኬት የቆረጠልን ሰው «ካርዱን አሳድሱ» አለን። ስሙን የማልጠራው ቢሮ ሄድን። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ካርዱን በጥፍሩ ገለጠና «ይሄ ሞቷል» አለ። ሞቷል! አጎቴ አጠገቤ ቆሟል፤ እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ብሎት በነጠላ ጫማ ነው የመጣው። የአባሪ 7ን ወረቀት አትሜ ይዤ ነበርና ሰጠሁት። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። የብርጭቆው ክብ ቀለበት ጽሑፉ ላይ ታትሞ ቀረ፤ ወረቀቱ ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። «ኢንተርኔት ላይ የለቀምከውን አታምጣብኝ። ይወጋ ወይ ይቅር።»

እዚህ ላይ ልብ በይ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ነው፤ ተዳክሞ የተሠራ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከወጣቱ ይበልጣል። ሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመማ ጭራሽ አይመከርም። የአጎቴ ሐኪም «በዚህ ሁኔታው እንዳይሞከር» ብሎን ነበር። ሰውዬው ግን የታመመ ሽማግሌ እጅ ላይ የማያስፈልግ መርፌ ሊያስወጋ ነው፣ ደንቡን ስላላነበበ ብቻ። «ነገ ና»፣ «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት» ሲባል የሆስፒታሉ ቀጠሮ አለፈ። ለቲኬት መቀየሪያ የከፈልነው ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ኃላፊዋን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሰውዬውን ጠርታ «ካርዱ ትክክል ነው፣ ስጣቸው» አለች። በቃ። ይቅርታ ያለን ግን የለም። ቦሌም ቼናይም ስንደርስ ስለ ካርዱ ዕድሜ አንድ ሰው አልጠየቀንም። የቼናዩ ሰው ማኅተሙን፣ ፊርማውንና ስሙን አይቶ አሳለፈን።

2. የኮቪድ ነገር ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። በጣም ያረጀ ነገር ነው። ሰውዬው «ኢንተርኔት ላይ የለቀምከው» ካለኝ ወዲህ እልህ ይዞኝ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ራጉዛ የምትባለው ወደብ፣ የዛሬዋ የክሮኤሺያ ከተማ ዱብሮቭኒክ፣ በ1377 ከወረርሽኝ አገር የሚመጣ ሰው ከከተማዋ ውጭ 30 ቀን እንዲቆይ አዘዘች። በኋላ በየወደቡ 40 ቀን ሆነ። ቬኒስ በ1423 ለዚሁ ብላ ደሴት ላይ ማቆያ ሠራች። ችግሩ ሁሉም ወደብ የየራሱ ሕግ ነበረው። አንዱ ያሳልፋል፣ ሌላው ያንኑ መርከብ ለሳምንታት ያግታል፣ ዕቃው ይበሰብሳል። በ1851 12 አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ሐኪምና አንድ ዲፕሎማት ይዘው ፓሪስ ተሰበሰቡ። ወራት ተከራክረው ኮሌራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም በሚለው እንኳን መስማማት አቃታቸው። በ1865 ኮሌራ መካ ላይ ሐጃጆችን ፈጀና በግብፅ በኩል አውሮፓ ገባ። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያው የሚሠራ ስምምነት ቬኒስ ላይ የተፈረመው በ1892 ነው፤ እሱም በስዊዝ ቦይ ለሚያልፉ መርከቦች ብቻ። በእኛ በኩል ያለው ቀይ ባሕርም አልቀረለትም። ከደቡብ የሚመጡ የሐጅ መርከቦች ጅዳ ከመድረሳቸው በፊት የመን አጠገብ ካማራን ደሴት ላይ ይቆሙ ነበር።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ደንቡ ከመጀመሪያው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው በሽታውን ማቆም። ሁለተኛው መንገደኛውን ከሚገባው በላይ ከመያዝ መጠበቅ። የየቢሮው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛው ግን የእናትሽ መብት ነው፤ ጸሐፊው በቸርነቱ የሚሰጣት ነገር አይደለም።

አባቴ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። ካርዱ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ። የፈንጣጣ ገጽ አለው፣ በየ3 ዓመቱ ማኅተም። የኮሌራ ገጽ አለው፣ በየ6 ወሩ ማኅተም፤ ሐምራዊው ቀለም አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ቦታ የለም። ዛሬ እነዚያን ገጾች የሚጠይቅ ደንብ የለም። የኮሌራው በ1973 ከደንቡ ወጣ፣ ምክንያቱም ክትባቱ በሽታው ድንበር እንዳይሻገር አላቆመውም። ፈንጣጣ ራሱ ጠፋ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1976 ነው። በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ደግሞ በ1977 እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ላይ። በ1981 ከደንቡ ተሰረዘ። የአሁኑ ደንብ ቀዳሚ የሆነው የ1951ዱ ደንብማ ተስቦና ግርሻንም ጨምሮ 6 በሽታ ነበረው። ደንብ ሳይንሱ ሲለወጥ ይለወጣል። የ10 ዓመቱ ነገርም እንደዚያው ተለውጧል፤ ያልተለወጠው የአንዳንድ ቢሮ ልማድ ነው።

ሕንዶቹ ለምን እንደሚጠይቁን ግን ይገባኛል፣ አልቀየማቸውም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው ቢጫ ወባ 100,000 ገደማ ሰው እንዳጠቃና 30,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በሽታው ዛሬም ሊነሳ ከሚችልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነን። ሕንድ ውስጥ ቢጫ ወባ የለም፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ሞልታለች። እኛ የድሬ ሰዎች ትንኟን እናውቃታለን፣ በ2013 ዴንጊ ያመጣችብን እሷው ናት። ስለዚህ ካርድ የሌለውን እስከ 6 ቀን ያቆዩታል፤ በሽታው ከተያዙ በኋላ የሚታየው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ። ቀልድ የለም፣ ካርዱ ከእጇ እንዳይጠፋ።

3. አሁኑኑ ካርዷን አውጪና እይው። ስሟ ከፓስፖርቷ ጋር በፊደል በፊደሉ አንድ መሆን አለበት። የክትባት ጣቢያው ማኅተም፣ የባለሙያው የእጅ ፊርማና የክትባቱ ባች ቁጥር ይኑሩበት። ቀኑ በፈረንጆቹ መጻፉን በደንብ አረጋግጪ። የጎረቤቴ ልጅ በ2020 ነው የተወለደው። ነርሷ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 2013 ብላ ጻፈችው። በፈረንጆቹ የሚያነብ ሰው ልጁ ሳይወለድ 7 ዓመት ቀድሞ ተከተበ ብሎ ነው የሚረዳው! እናቱ ካውንተር ላይ ስታስረዳ አውሮፕላኑ ሊያመልጣት ነበር። ስህተት ካገኘሽ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ እንዳያርሙልሽ፤ ስርዝ ድልዝ ካርዱን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። የከተባት ጣቢያ መዝገቡን አይቶ አዲስ ካርድ ይጻፍላት።

ምናልባት መዝገብ ጠፋ፣ ወይም ከነጭራሹ አልተከተበችም ከተባለ፣ መጀመሪያ የሚያክማት ሐኪም ይወስን። መከተብ ከቻለች ካርዱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነውና ቀድማችሁ ጨርሱ። ካልቻለች ሐኪሙ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ ይፈርምላት። ያ ደብዳቤ ግምት ውስጥ ይገባል እንጂ እንደ ካርድ አይቆጠርም። ሕንድ ደርሳችሁ ሊያቆዩዋት ስለሚችሉ ለሆስፒታሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ቀጠሮውንም በዚያ ልክ ያዢ።

ቢሮው እንደገና «ትወጋ» ካለሽ አትጨቃጨቂ። «የሚያስገድደውን ደንብ በጽሑፍ አሳዩኝ» በይ፤ ካላሳዩሽ በቀጥታ ኃላፊ ጠይቂ። የአባሪ 7 ፋይል ስልኬ ላይ አለ። ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ሁለት ኮፒ አሳትሚ።