ቪያግራ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 48 ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ከዓመት ወዲህ ብልቴ አልቆም ብሎኝ ባለቤቴን እየሸሸኋት ነው። ጓደኛዬ «ቪያግራ ግዛ» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ብዙ ወንድ የሚደርስበት ችግር ነው፤ ሕክምናም አለው። ግን እባክዎ መጀመሪያ ስኳርና ደም ግፊትዎን ይመርመሩ። የደም ሥር ችግር ብዙ ጊዜ ልብ ላይ ሳይታይ እዚህ ይታያል።

ቪያግራ ወደ ብልት የሚገባውን ደም ይጨምራል። ከግንኙነት 1 ሰዓት ገደማ በፊት ይወሰዳል፤ ስሜት ከሌለ ግን አይሠራም። የተጠበሰ ዓሣ ጠግበው ከበሉ ደግሞ ይዘገያል። ታዳላፊል የሚባለው ተመሳሳይ መድኃኒት እስከ 36 ሰዓት ይቆያል። ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሁለቱንም እንዳይነኩ! ግፊትዎ ወርዶ ሊገድልዎት ይችላል። እንክብሉ ካልሠራ መርፌም፣ ፓምፕም አለ።

ለባለቤትዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ሽሽትዎን ጥላቻ አድርገው ቆጥረውት ይሆናል።